የፑሪም ሳህን፦ ከፋርስ መንደሮች እስከ እስራኤል ሰፈሮች

መጽሐፈ አስቴር ገና ከመጀመሪያው ቁጥር የኢትዮጵያን ስም ያነሣል። የፋርሱ ንጉሥ አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገሮችን ይገዛ እንደነበር ይነግረንና ወደ ሱሳ ቤተ መንግሥት ያስገባናል። ቀሪውን አንባቢ ያውቀዋል። ሐማ የተባለው ሹም አይሁድን በአንድ ቀን ለማስፈጀት ዕጣ አስጣለ፤ ንግሥት አስቴርና አሳዳጊዋ መርዶክዮስ ሴራውን አከሸፉ፤ ሐማም ለመርዶክዮስ ባሰናዳው ግንድ ላይ ራሱ ተሰቀለ። እልቂት የተቆረጠለት ጊዜ የድግስ ጊዜ ሆነና ከዕጣው የተነሣ ፉሪም ተባለ። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ፑሪም የሚሉት በዓል ይኸው ነው።

ስለዚህ በዓል ሲወራ የሚነገረው የአስቴር ድፍረትና የሐማ ውድቀት ነው። እኔን ግን የሚስበኝ ምዕራፍ 9 ላይ ያለ፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ቅደም ተከተል ነው። መጽሐፉ አስቀድሞ የሚያወራው ቅጥር በሌላቸው መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች ያደረጉትን ነው። አዳር በሚባለው ወር በ14ኛው ቀን ደስ ብሏቸው ደገሱ፤ ከድግሳቸውም እያነሡ እርስ በርስ ተላላኩ። እስከዚያ ድረስ ማንም አላዘዛቸውም። ከሞት የተረፈ ሰው ጎረቤቱም መትረፉን በዓይኑ ሊያይ ደጁን ያንኳኳል፤ በበዓል ቀን ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም። መርዶክዮስ ደብዳቤውን ወደ ግዛቶቹ ሁሉ የላከው ከዚያ በኋላ ነው። በደብዳቤው በዓሉ በየዓመቱ እንዲከበር፣ ምግብ መላላኩም እንዲቀጥል ደነገገ፤ አንድ ነገርም ጨመረበት፤ ለድሆች ስጦታ። የመንደሩ ሰው ወዳጁን አሰበ፤ መርዶክዮስ ደግሞ የሚደግሰው የሌለውን አስታወሰ። ከዚያ ወዲህ ያለው የፑሪም ሳህን ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው።

ልማዱ የፑሪም ብቻ አልነበረም። ነህምያ ከፋርስ ቤተ መንግሥት ወደ ኢየሩሳሌም የመጣው በ445 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ነው። በሰባተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን ሕዝቡ በውኃው በር ፊት ለፊት ተሰብስቦ ዕዝራ ሕጉን ሲያነብ አለቀሰ። መሪዎቹ ግን ቀኑ የተቀደሰ ስለሆነ ማልቀሱን ትተው ወደየቤታቸው እንዲገቡ፣ የሰባውን እንዲበሉና ጣፋጩን እንዲጠጡ፣ ምንም ላልተሰናዳለትም ድርሻውን እንዲልኩለት ነገሯቸው። በዓል ማለት የጎረቤትንም ጓዳ ማሰብ ነው የሚለው እምነት በዚያ ዘመንም ሥር የሰደደ ነበር ማለት ነው።

በ70 እ.ኤ.አ. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አፈረሱ። መሥዋዕት የሚጠይቁት በዓላት መሠዊያቸውን አጡ። ፑሪም ግን መሠዊያ አያስፈልገውም ነበር፤ የሚነበብ ጥቅልል፣ የሚበላ ማዕድ፣ የሚላክለት ጎረቤት ካለ በየትም አገር ይከበራል። ሕዝቡ በተበተነበት ሁሉ ሳህኑም አብሮት ተበተነ።

ሊቃውንቱ ሳህኑን በጥንቃቄ ይመረምሩት ጀመር። ምን ያህል ሲሆን ነው ስጦታ የሚባለው? ለስንት ሰው? በምን ዓይነት ዕቃ? የዛሬ አንባቢ እንዲህ ያለውን ጥያቄ እንደ ጥቃቅን ነገር ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ግን ከጥያቄው በስተጀርባ የሰው ፊት ይታየኛል፤ ትንሽ የደረሰው ሰው ፊት፣ የሚልከው ያጣም ሰው ፊት።

በሦስተኛው መቶ ዘመን ይሁዳ ነሲአ የተባለው የአይሁድ አለቃ ለሊቁ ለሆሻያ በፑሪም አንድ የጥጃ ጭንና አንድ ማሰሮ ወይን ላከለት። የሊቃውንቱ ክርክር የተሰበሰበበት የኢየሩሳሌሙ ታልሙድ እንደሚተርከው ሆሻያ ስጦታውን ተቀብሎ፣ በዚህስ ለድሆች መስጠትን በእኛ ላይ ፈጸምክ የሚል መልስ ሰደደለት። አለቃው ነገሩ ገባው። ሁለተኛ መልእክተኛ አስነሥቶ አንድ ሙሉ ጥጃና አንድ እንስራ ወይን ላከ። አሁን ወዳጅ ለወዳጅ የሚልከውን ፈጸምክ የሚል ምላሽ መጣለት። አንዱ ጭን ከድሀ ቤት ቢላክ ትልቅ ነገር በሆነ ነበር፤ ከአለቃ ቤት ሲመጣ ግን ምጽዋት መሰለ። ስጦታ የሚመዘነው በሰጪው አቅም ነው የሚለውን እናቶቻችንም ጓዳ ውስጥ የሚያውቁት ሕግ ሁለቱ ሰዎች በጭንና በጥጃ ተነጋገሩት።

ከዚህ ይልቅ ደጋግሜ የማነበው ግን በባቢሎን ታልሙድ ያለውን፣ የአራተኛውን መቶ ዘመን ታሪክ ነው። ቦታው ፑምበዲታ ነው፤ ዛሬ የኢራቅ ከተማ ፋሉጃ በምትገኝበት አካባቢ የነበረች የትምህርት ከተማ። ራባ የተባለው መምህር አባዬ የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ አሳድጎ ነበር። በፑሪም ቀን ይህን ልጁን ማሪ ባር ማር ወደሚባል ሰው ቤት ላከው። ያስያዘው አንድ ከረጢት ተምርና አንድ ጽዋ የተቆላ እህል ዱቄት ነበር። የእኛ አንባቢ ይህን ዱቄት ለማወቅ ተርጓሚ አያሻውም፤ በሶ ነው። አባዬ ስጦታውን አይቶ አፈረ። ተቀባዩ፣ ይህ ሰው ትልቅ ወንበር ላይ ወጥቶም የገበሬ ልማዱ አልለቀቀውም ብሎ እንዳይታዘብ ሰጋ።

ማሪም የተላከለትን ተቀብሎ በምላሹ አንድ ከረጢት ዝንጅብልና አንድ ጽዋ ከጥምዝ ወገን የሆነ የሚያቃጥል ቅመም አስያዘው። አባዬ አሁንም ተጨነቀ፤ በዚህኛው ደግሞ አሳዳጊው፣ እኔ ጣፋጭ ብልክ እርሱ የሚያቃጥል ላከልኝ ይላል ብሎ። ሳህን ይዞ ከቤት ቤት የተላከ ልጅ ሁሉ ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች ግን የሚጨነቁ አይመስሉም። አንዱ ጓዳው ያፈራውን ላከ፣ ሌላውም ጓዳው ያፈራውን መለሰ። የትምህርት ቤት አለቃ በሶ መላኩ የሚያሳፍር አልነበረም፤ ከሺህ ዓመት በላይ ትውልድ ሁሉ ሲያነበው የኖረው መጽሐፍም ያንን አንድ ጽዋ በሶ ሳይንቅ መዝግቦታል።

በዚያው ገጽ ላይ አባዬ ባር አቢንና ሐኒና ባር አቢን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይገኛሉ። የእነርሱ ታሪክ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በፑሪም ቀን ማዕዳቸውን ይለዋወጡ ነበር። ከዚህ ሌላ አልተጻፈም። ብዙዎች እንዳስረዱት ሁለቱም ከዕለት ምግባቸው የሚተርፍ አልነበራቸውም፤ እናም አንዱ የራሱን እራት ለሌላው ላከ፣ የሌላውን እራት ደግሞ እርሱ በላ። ሲቆጠር ማንም ምንም አላተረፈም። ሆኖም ሁለቱም ሰጪዎች ሆነው አመሹ። ድህነት ከሰው ከሚነጥቀው ሁሉ የሚከፋው የመስጠትን ክብር መንጠቁ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያንን ክብር አላስነጠቁም።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን፣ ሙሴ ማይሞኒደስ ግብፅ ውስጥ ተቀምጦ የአይሁድን ሕግ ሁሉ በአንድ ትልቅ ሥራ ሲያሰባስብ ለፑሪም ሳህን ግልጽ መልክ ሰጠው። ለአንድ ወዳጅ ሁለት ዓይነት ምግብ፣ ሁለት ቁራጭ ሥጋ ወይም ሁለት ዓይነት ወጥ፣ መላክ ይበቃል፤ ለብዙ ወዳጅ የላከ ይመሰገናል፤ የሚልከው ያጣ ግን ማዕዱን ከወዳጁ ጋር ይለዋወጥ። ያ የሁለቱ ድሆች አንድ መስመር ለሁሉም የሚሆን ሕግ ሆነ። ከዚያም ማይሞኒደስ ሚዛኑን በግልጽ አስቀመጠ፤ ድግስን ከማብዛትና ለወዳጅ የሚላከውን ከማብዛት ይልቅ ለድሆች የሚሰጠውን ማብዛት ይሻላል፤ ከድሆችና ከእናት አባት አልባዎች፣ ከመበለቶችና ከመጻተኞች ልብ ደስታ የሚበልጥ ደስታ የለም። የመርዶክዮስ ጭማሪ ከመንደርተኞቹ ልማድ ፊት የቀደመው በዚህ ጊዜ ነው።

በ15ኛው መቶ ዘመን ኦስትሪያ ውስጥ ይኖር ለነበረው ለረቢ እስራኤል ኢሰርላይን አንድ ጥያቄ ቀረበለት። በፑሪም ለወዳጁ በምግብ ፋንታ ሸሚዝና አንሶላ የላከ ሰው ሕጉን ፈጽሟል ወይ? አልፈጸመም አለ። የስጦታው ዓላማ እያንዳንዱ ሰው የበዓሉን ማዕድ የሚያሟላበት እንዲኖረው ነውና ሸሚዝ አይበላም። በ1529 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኦቶማን ግዛት የነበረው ሰሎሞን አልቃቤጽ በመጽሐፈ አስቴር ላይ ትርጓሜ ጽፎ ለእጮኛው አባት የፑሪም ስጦታ አድርጎ ላከለት። በዚያ ትርጓሜው ሌላ ምክንያት ሰጠ። ሐማ ሕዝቡን የተበተነና የተለያየ ብሎ ከሶት ነበር፤ ምግብ መላላኩ ያንን ክስ የሚሽር ነው፤ ፍቅርንና ወዳጅነትን ለማብዛት የተሠራ ነው።

ሆድ ወይስ ፍቅር? ክርክሩ በቤተ መጻሕፍት ብቻ አልቀረም። በ16ኛው መቶ ዘመን በክራኮው የነበረው ሙሴ ኢሰርለስ፣ ሰው ሳህን ልኮ ወዳጁ አልቀበልም ቢለው እንኳ ላኪው ግዴታውን እንደፈጸመ ይቆጠራል ብሎ ወሰነ። ሙሴ ሶፈር የተባለው የብራቲስላቫ ረቢ ከጊዜ በኋላ እንዳስረዳው ነገሩ በምክንያቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዓላማው ሆድ ከሆነ፣ ያልተበላ ምግብ ምንም አላደረገም። ዓላማው ፍቅር ከሆነ ግን ሳህኑ ደጅ ደርሶ ቢመለስ እንኳ ፍቅሩ ተገልጧል። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ኢሰርላይንን እመርጣለሁ። ፍቅር በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን የጎረቤት ማዕድ ይሙላ።

ኢሰርለስ ሌላም ነገር ጽፏል፤ ሴቶችም እንደ ወንዶች ሁሉ መላክ ግዴታቸው ነው፤ ሴት ለሴት፣ ወንድም ለወንድ ይላክ። የሚያቦካውም የሚጋግረውም እጅ የሴቶች ስለነበር ይህ ውሳኔ ሊቃውንቱ ካሰቡት በላይ ውጤት አመጣ። ስጦታው በቤቱ ጌታ ስም የሚወጣ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የራሷ የባለሙያዋ ሥራ ሆኖ፣ በራሷ ስም፣ ሙያዋን ለምታውቅላት ለሌላዋ ባለሙያ የሚሄድ ሆነ። ታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቅሱት የረቢዎቹን ስም ነው። ሳህኑን ግን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ከትውልድ ወደ ትውልድ አሸጋገሩት።

በጀርመን አገሮች በ18ኛው መቶ ዘመን ለዚሁ ቀን ብቻ የሚወጣ የቆርቆሮ ሳህን ይሠራ ነበር። መርዶክዮስ በንጉሥ ፈረስ ተቀምጦ ሐማ ልጓም ሲስብ የሚያሳይ ሥዕል የተቀረጸባቸው እንዲህ ያሉ ሳህኖች ዛሬ በየሙዚየሙ ይገኛሉ። በምሥራቅ አውሮፓ ደግሞ ባለሦስት ማዕዘኑ የፑሪም ቂጣ ነገሠ። ሆዱ የሚሞላው ፓፒ የሚባለው ተክል በሚያፈራው ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ ነው። ፍሬው በፈላ ውኃ ወይም ወተት ይዘፈዘፋል፣ ይወቀጣል፣ ከማር ጋር ይለወሳል፤ ሊጡ በክብ ተቆርጦ መሐሉ ላይ ይጨመርበትና ጠርዙ ከሦስት አቅጣጫ ተቆንጥጦ ይዘጋል። ስሙ ከሐማ ጋር ተያይዞ ሐመንታሽ ተባለ። በሌሎች አገሮች ያሉ አይሁድም የየአገራቸውን ያዙ። የኢራቅ ሴቶች በሽምብራ የተሞላ ሳምቡሳክ ጠበሱ፤ የእኛን ሳምቡሳ የሚያውቅ ሰው ዝምድናውን ያያል። የፋርስ ሴቶች ሃልዋ ሠሩ፤ የሞሮኮ ሴቶች ሙሉ እንቁላል ከላዩ የተቀመጠበት ዳቦ ጋገሩ።

የይዲሽ ቋንቋው ደራሲ ሾሌም አሌይኸም በራሱ ዘመን ስለነበረው የፑሪም ሳህን አንድ አጭር ልብ ወለድ ጽፏል። ሁለት የቤት ሠራተኞች የየእመቤታቸውን ሳህን ተሸክመው መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ደክሟቸዋል፤ ርቧቸዋል። ቁጭ ብለው ጨርቁን ገለጥ ያደርጉና ከአንዷ ሳህን አንድ፣ ከሌላዋም አንድ እያነሡ ይበላሉ። ሳህኖቹ ጎድለው ሲደርሱ እመቤቶቹ ተናቅን ብለው ይቆጣሉ፤ ጠቡም ባሎቻቸው ዘንድ ይደርሳል። ታሪኩ አስቂኝ ተብሎ ይነበባል። እኔ ሳነበው የሚታዩኝ ግን ሁለቱ ሠራተኞች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ለሰው ማዕድ ሲሸከሙ ለእነርሱ ሳህን የላከ ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። የመርዶክዮስ ጭማሪ የተዘነጋው እዚያ ጋ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን በጎንደርና በሰሜን ተራሮች የነበሩት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ቤተ እስራኤል፣ የራሳቸውን መንገድ ይዘው ኖረዋል። መጽሐፈ አስቴርን በግዕዝ ያነቡ ነበር፤ የአስቴርንም ጾም ይጾሙ ነበር። ፑሪም እንደ ድግስ፣ ሳህን መላላክም እንደ ሕግ ግን በበዓላቸው ዝርዝር አልነበረም፤ የታልሙዱ ክርክር አልደረሳቸውም። ያም ሆኖ አካፍሎ መብላትን ማንም ሊያስተምራቸው አላስፈለገም። ለሰንበት ሴቶች ዳቦ ጋግረው ወደ ጸሎት ቤት ይዘው ይመጡ ነበር፤ ቄሱ ባርኮ ይቆርሰውና ያለውም የሌለውም እኩል ይቀምስ ነበር። በስግድ በዓልም ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ወጥቶ ሲጸልይ ይውልና ሲወርድ ጾሙን በጋራ ዳቦ ይፈታ ነበር። የዚህ ልማድ ጥበቡ፣ ዳቦው በቄሱ እጅ ካለፈ በኋላ የማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። የሀብታሟ ዳቦና የድሀዋ ዳቦ ተቀላቅለው ይቆረሱ ነበር።

ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴ በሱዳን በኩል ወደ 8,000 ገደማ ሰዎች እስራኤል ገቡ። ግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን 14,325 ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ። ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናትና ትምህርት ቤት ሲገቡ ፑሪም ጠበቃቸው። በእስራኤል ትምህርት ቤቶች በዚያን ሰሞን ልጆች በጌጥ ልብስ አሸብርቀው ይመጣሉ፤ ሚሽሎአኽ ማኖት የሚሉትን የምግብ ስጦታም ይለዋወጣሉ። እናት በግዕዝ የሰማችውን የአስቴርን ታሪክ ልጅ በዕብራይስጥ ይዞት ገባ፤ አብሮትም የከረሜላና የብስኩት ጥቅል መጣ። ስግድም በተራው አገሩን ለመደ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፓርላማ በሕግ የታወቀ በዓል አደረገው።

ሳህኑ ራሱ ግን በእነዚህ ዓመታት ተለውጧል። ፑሪም ሲቃረብ የእስራኤል ሱቆች በሚያብረቀርቅ ላስቲክ የተጠቀለሉ፣ ወይንና ቸኮሌት በተደረደረባቸው ቅርጫቶች ይሞላሉ። በአሜሪካ ያሉ ብዙ ምኩራቦች በበኩላቸው ሌላ ዘዴ ዘይደዋል፤ ምእመናን ገንዘብ ያዋጡና ለእያንዳንዱ ቤት የሁሉም ላኪዎች ስም የተጻፈበት አንድ ጥቅል ይደርሳል፣ የተረፈው ለበጎ ሥራ ይውላል። ይህኛውን አልነቅፈውም፤ ብክነት ይቀንሳል፣ ማንም አይረሳም። የሱቁ ቅርጫት ግን ያሳስበኛል። ዋጋው በግልጽ የሚታወቅ ስጦታ ተቀባዩን በዚያው ልክ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ አቅም የሌለው ቤት በዓሉ በመጣ ቁጥር ይሸማቀቃል። ረቢዎች የማይሞኒደስን ሚዛን በየዓመቱ ደግመው የሚያሳስቡትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ በነታኒያም ሆነ በረሖቮት፣ በአሽዶድም ሆነ በቂርያት ጋት ለምትኖሩ እናቶች አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችሁ የጎረቤቱን ቅርጫት አይተው በእጃችሁ ሥራ ቢያፍሩ አትሸነፉላቸው። አንድ ቁራጭ የሰንበት ዳቦና አንድ ሳህን ቆሎ ሁለት ዓይነት የተሰናዳ ምግብ ነው፤ ሕጉ ከዚህ የሚበልጥ አይጠይቅም። የፑምበዲታው መምህር በሶ ልኳል። ለቅርጫት ልታወጡት የነበረውን ገንዘብ የበዓል ማዕድ ለጎደለበት ቤት ስጡት፤ ለወዳጃችሁ ግን ዳቦውንና ቆሎውን ላኩለት።